ካርዱ አለ፣ ድራይቨሩ የት ነው?

የዛሬውን ዝግጅት ሠፈራችን ካለች አንዲት የኮምፒውተር ጽሑፍና ፎቶ ኮፒ ቤት እጀምራለሁ። የቤቱን ባለቤት ሁላችንም እትዬ ነው የምንላቸው። አንድ ጠዋት ደወሉና «ልጄ፣ ስክሪኔ ሞተብኝ። አዲስ ልገዛ ነው፤ የትኛው ይሻለኛል?» አሉኝ። «እትዬ፣ ሳላየው እንዳይገዙ» ብያቸው ሄድኩ።

ስክሪኑ አልሞተም። ጽሑፉ ግን ወደ ጎን ተለጥጧል፤ ምልክቶቹ ገዝፈው ግማሽ ገጽ ይዘዋል፤ ደብዳቤውን ወደ ታች ላንሸራትት ስል እየተቆራረጠ ይወርዳል። ከሁለት ቀን በፊት ኮምፒውተሩ ፎርማት ተደርጎ ነበር። ፎርማት ያደረገው ልጅ ዊንዶውስ 10 ጭኖ፣ የጽሕፈት ፕሮግራሙን አስተካክሎ፣ የአማርኛ መጻፊያውን መልሶ ሄዷል። የግራፊክስ ካርዱ ድራይቨር ግን አልተጫነም።

«ድራይቨር ማለት ሹፌር አይደል እንዴ?» አሉኝ እትዬ። ነው፤ ቃሉ አንድ ነው። መኪናው ደጅ ቆሟል፣ ነዳጅም አለው፣ መሪውን የሚይዝ ነው የጠፋው አልኳቸው።

ግራፊክስ ካርድ ስክሪን ላይ የምናየውን ምስል የሚሠራው የኮምፒውተር ክፍል ነው። ዊንዶውስ «እዚህ ጋ መስኮት ክፈት፣ ይህን ቪዲዮ አጫውት» ብሎ ያዛል፤ ካርዱ ግን የሚገባው የራሱ ቺፕ ቋንቋ ብቻ ነው። ትእዛዙን ወደዚያ ቋንቋ የሚመልሰው ሶፍትዌር ድራይቨር ይባላል። ድራይቨሩ ሲጠፋ ዊንዶውስ ጨለማ ውስጥ አይተወንም። ከዊንዶውስ 8 ጀምሮ ማይክሮሶፍት ቤዚክ ዲስፕሌይ አዳፕተር የሚባል፣ ለየትኛውም ካርድ የሚሆን መጠባበቂያ ይዞ ይመጣል። መጠባበቂያው ስክሪኑን ያበራል፤ የካርዱን ጉልበት ግን አይጠቀምበትም። ሥዕሉን የመሥራቱ ሸክም ሁሉ ዋናው ፕሮሰሰር ላይ ይወድቃል። ቪዲዮ የሚቆራረጠው፣ የስክሪኑን ልክ ለመቀየር ስትሞክሩ እምቢ የሚላችሁ፣ ላፕቶፕ ላይ ብርሃኑን መቀነስና መጨመር የሚያቅታችሁ ለዚህ ነው። እነዚህን ምልክቶች ከፎርማት በኋላ ያየ ሰው ስክሪን ለመግዛት አይቸኩል።

የግራፊክስ ድራይቨር የኮምፒውተር ስስ ብልት ነው። ዊንዶውስ ቪስታ በ2007 እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ገበያ ላይ ሲውል የግራፊክስ ድራይቨር አሠራር ከሥሩ ተለወጠ፤ ለቀደመው ዊንዶውስ ኤክስፒ የተጻፈው ድራይቨር አዲሱን አሠራር እንዲጠቀም እንደገና መጻፍ ነበረበት። በዓመቱ በአሜሪካ ሲያትል ከተማ በነበረ የፍርድ ቤት ክርክር የማይክሮሶፍት የውስጥ ሰነዶች ወጡ። በ2007 ከተመዘገቡት የቪስታ ብልሽቶች ውስጥ ከመቶ 28.8 ያህሉ ከግራፊክስ ካርድ አምራቹ ከኤንቪዲያ ድራይቨሮች ጋር የተያያዙ እንደነበሩ ሰነዶቹ አሳዩ። ካርዶቹ አልተበላሹም ነበር፤ ድራይቨሮቹ ነበሩ ያልበሰሉት። ከዚህ በኋላ የምጠቅሳቸው ዓመታት አብዛኞቹ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው፤ በእኛ ሲሆን እናገራለሁ።

ወደ እትዬ ኮምፒውተር እንመለስ። ኬዙን ስከፍተው ያገኘሁት ካርድ ጂፎርስ 8400 ጂኤስ ነው። ኤንቪዲያ በ2007 ያወጣው፣ ርካሽ፣ ትንሽ፣ አንዳንዱም ፋን እንኳ የሌለው ካርድ። ያገለገሉ ኮምፒውተሮችን የምትጠግኑ ሰዎች ብዙ ጊዜ እጃችሁ ገብቶ ይሆናል። ለደብዳቤ፣ ለመታወቂያ ፎቶ፣ ለሠርግ ጥሪ ወረቀት ከበቂ በላይ ነው።

እኔም መጀመሪያ ተሳሳትኩ። በስልኬ ኢንተርኔት ከፍቼ ኤንቪዲያ በዚያ ሰሞን ያወጣውን አዲሱን ድራይቨር አወረድኩ። ጥቂት መቶ ሜጋባይት ነው፤ የገዛሁት ጥቅል በሱ አለቀ። ልጭነው ስል «የሚስማማ ካርድ አላገኘሁም» የሚል መልእክት አውጥቶ ተዘጋ። ድራይቨር ስንፈልግ አእምሯችን አዲስ የሆነውን ይመኛል፤ ስልካችንም ኮምፒውተራችንም አፕዴት አፕዴት እያሉ ያስለመዱን እሱን ነው። ለአሮጌ ካርድ ግን የሚፈለገው ለዚያ ካርድ የተሠራው የመጨረሻው ድራይቨር ነው። ከእሱ በኋላ የመጡት ካርዱን ረስተውታል።

ለምን ይረሱታል? ድራይቨር አንድ ጊዜ ተጽፎ የሚያልቅ ሥራ አይደለም። አዲስ ዊንዶውስ በመጣ ቁጥር፣ አዲስ ጌም በወጣ ቁጥር፣ የደኅንነት ቀዳዳ በተገኘ ቁጥር መታረምና እያንዳንዱ ካርድ ላይ መሞከር አለበት። ኩባንያው አሥር ዓመት ያለፈውን ካርድ ይዞ መቀጠል ወጪው አይዋጥለትም። ስለዚህ አንድ ቀን የካርዱን ቤተሰብ ከዝርዝሩ ያወጣውና የመጨረሻውን ድራይቨር ከነቁጥሩ ያስቀምጠዋል። በእንግሊዝኛው ሌጋሲ የሚሉት ይህን ነው። ሌጋሲ የሚለውን ቃል ያየ ሰው «ካርዴ ተጣለ» ብሎ ተስፋ ይቆርጣል። እኔ ቃሉን ሳየው ደስ ይለኛል፤ የምፈልገው ነገር መደርደሪያ ላይ ተቀምጧል ማለት ነውና።

ለ8400 ጂኤስ፣ በአጠቃላይም ለጂፎርስ 8፣ 9፣ 100፣ 200 እና 300 ቤተሰቦች፣ ያ የመጨረሻው ቁጥር 342.01 ነው። የወጣው በዲሴምበር 2016፣ በእኛ ታኅሣሥ 2009 ዓ.ም. ሲሆን ለዊንዶውስ 7፣ 8 እና 10 ይሆናል። እስክሪብቶ የያዛችሁ ጻፉት፤ 342 ነጥብ 01።

አሁን ደግሞ ቀስ ብለን የምንሄድበት ቦታ ላይ ደርሰናል፤ ካርዱን በትክክል መለየት። ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ነው፤ የካርድ ስም ያታልላልና። 8400 ጂኤስ በሚለው ስም ብቻ በተለያየ ጊዜ ሦስት የተለያዩ ቺፖች ተሸጠዋል። ደግነቱ ሦስቱም በዚያው በ342.01 ይሠራሉ። ጂቲ 730 የሚባለውን ካርድ ስትይዙ ግን ዕድል አትጠብቁ። አንዱ ጂቲ 730 ውስጡ ፌርሚ የተባለው የቆየ ትውልድ ነው፤ ሌላው ጂቲ 730 ኬፕለር የተባለው ተከታዩ ትውልድ ነው። ካርቶኑ ላይ የተጻፈው ስም አንድ ዓይነት ነው። የፌርሚው ድራይቨር በማርች 2018 በወጣው በ391.35 ቆሟል፤ የኬፕለሩ ከዚያ በኋላም ቀጥሎ መደበኛ ድጋፉ የቆመው በ2021 ነው። ጂቲ 610 የሚባለው ደግሞ ስሙ ተቀይሮ የተሸጠ ጂቲ 520 ነው። ስለዚህ ስሙን ትታችሁ ቁጥሩን ጠይቁት።

ቁጥሩ እንዴት ይገኛል? ስታርት ምልክቱ ላይ በቀኝ የማውዝ ቁልፍ ተጫኑና ዲቫይስ ማናጀርን ክፈቱ። ዲስፕሌይ አዳፕተርስ ከሚለው ሥር ያለውን ስም፣ ቤዚክ የሚለውም ቢሆን፣ እንደገና በቀኝ ቁልፍ ተጭናችሁ ፕሮፐርቲስ በሉት። ዲቴይልስ ወደሚለው ገጽ ሂዱና ከዝርዝሩ ሃርድዌር አይዲስ የሚለውን ምረጡ። ረጅም መስመር ይመጣላችኋል። ርዝመቱ አያስፈራችሁ፤ የምትፈልጉት ሁለት ቦታ ብቻ ነው።

ቪ፣ ኢ፣ ኤን ከሚሉት ሦስት ፊደላት ቀጥሎ ያሉት አራት ምልክቶች አምራቹን ይነግሯችኋል። አንድ፣ ዜሮ፣ ዲ፣ ኢ ከሆነ ኤንቪዲያ ነው። 1002 ከሆነ ኤቲአይ ነው፤ ኤቲአይ የካናዳ ኩባንያ ነበር፣ በ2006 ኤኤምዲ ገዝቶታል፣ ስለዚህ የምትሄዱት ወደ ኤኤምዲ ነው። 8086 ከሆነ ኢንቴል ነው፤ ኢንቴል በ1978 ካወጣው ታዋቂ ፕሮሰሰር ስም ጋር አንድ ነው፣ ለማስታወስም ይቀላል። ከዚያ ዲ፣ ኢ፣ ቪ ከሚሉት ፊደላት ቀጥሎ ያሉት አራት ምልክቶች የቺፑ መለያ ናቸው። የእትዬ ካርድ ዜሮ፣ ስድስት፣ ኢ፣ አራት ይል ነበር። እነዚህን ስምንት ምልክቶች ወረቀት ላይ ጻፏቸው። ከካርቶን፣ ከሻጭ ቃል፣ ካርዱ ላይ ከተለጠፈ ወረቀት ሁሉ በላይ የሚታመኑ ናቸው፤ ቺፑ ራሱ የሚናገራቸው ናቸውና።

እዚያው እያላችሁ ዊንዶውሱ 32 ቢት ይሁን 64 ቢት እዩ። ሴቲንግስ፣ ሲስተም፣ አባውት ውስጥ ተጽፏል። የአንዱ ድራይቨር ለሌላው አይሆንም።

ድራይቨሩን ከየት እናወርደዋለን? መጀመሪያ ከካርዱ ቺፕ አምራች የድሮ ድራይቨሮች ማኅደር። ኮምፒውተሩ ላፕቶፕ ወይም የታወቀ ድርጅት ዴስክቶፕ ከሆነ ከኮምፒውተሩ አምራችም መፈለግ ይገባል፤ በተለይ ላፕቶፕ ላይ አምራቹ ድራይቨሩን ለራሱ ስክሪንና ባትሪ እንዲስማማ አድርጎ ያዘጋጀው ይሆናል። ሦስተኛው ቦታ የማይክሮሶፍት አፕዴት ካታሎግ ነው። እነዚያን ስምንት ምልክቶች እዚያ አስገብቶ መፈለግ ይቻላል። ብዙ ባለሙያዎች የማይነኩት፣ እኔን ግን ከብዙ ችግር ያወጣኝ ቦታ ነው።

ሌላ ቦታ ስትሄዱ ተጠንቀቁ። «ድራይቨርዎን በአንድ ጠቅታ እናድሳለን» የሚሉ ፕሮግራሞች ሞልተዋል፤ ትልቅ አረንጓዴ የማውረጃ ቁልፍ አስቀምጠው ሌላ ነገር የሚያስጭኑ ገጾችም አሉ። በየሱቁ በፍላሽ የሚዞረው ድራይቨር ፓክም ኢንተርኔት በሌለበት ጊዜ ያድናል፤ ግን የማይስማማ ድራይቨር ሲጭን፣ ያልተጠየቀ ፕሮግራም ሲጨምር በዓይኔ አይቻለሁ። ከየትም ብታገኙት ከመክፈታችሁ በፊት አንድ ነገር አድርጉ። ፋይሉን በቀኝ ቁልፍ ተጭናችሁ ፕሮፐርቲስ፣ ከዚያ ዲጂታል ሲግኔቸርስ የሚለውን ገጽ እዩ። የቺፑ አምራች ወይም የማይክሮሶፍት ስም ፈርሞበት ካላገኛችሁ አትክፈቱት። ገጹ ራሱ ከሌለ ፊርማ የለውም ማለት ነው።

አሁን መጫን። እንደ ቤት ቀለም ነው፤ አሮጌው ሳይፋቅ አዲሱ አይይዝም። ከዚህ በፊት የተሞከሩ ድራይቨሮች ካሉ ቅሪታቸው እርስ በርሱ ይጋጫል። ለዚህ ዲስፕሌይ ድራይቨር አንኢንስቶለር የተባለ፣ በአጭሩ ዲዲዩ የሚሉት፣ በነጻ የሚገኝ ፕሮግራም አለ። ኮምፒውተሩን በሴፍ ሞድ አስነሥታችሁ በዲዲዩ አሮጌውን አጽዱ። ከዚያ በፊት ግን ሁለት ነገር። ሪስቶር ፖይንት አዘጋጁ፤ መብራት መሀል ላይ ቢሄድ መመለሻ ይሆናችኋል። የኢንተርኔት ገመዱን ንቀሉ፤ ዋይፋይ ከሆነ አጥፉት። ይህን ያላደረገ ሰው ዊንዶውስ አፕዴት በጀርባ የራሱን ምርጫ እያወረደ ቀድሞ ይጭንበታል፤ ቀኑን ሙሉ ቢለፋ ለምን እንደማይይዝለት አይገባውም። ጽድት ካለ በኋላ ኮምፒውተሩን መልሳችሁ አስነሡና ያወረዳችሁትን ድራይቨር ጫኑ። ስክሪኑ ለአፍታ ይጠፋል፣ ይመለሳል፣ እንደገና ይጠፋል። አትንኩት።

ቁጥሩ ትክክል ሆኖ፣ ድራይቨሩ ትክክል ሆኖ፣ ጫኙ ፕሮግራም «ካርዱን አላገኘሁም» የሚልበት ጊዜም አለ፤ ላፕቶፕ ላይ በብዛት ይደርሳል። ያኔ የድራይቨሩ ፋይሎች ያሉበት ማህደር ውስጥ ግቡ። ድራይቨሩ ሲከፈት ፋይሎቹን የሆነ ቦታ ይዘረግፋቸዋል፤ የኤንቪዲያ ከሆነ ብዙ ጊዜ ሲ ድራይቭ ላይ በራሱ ስም ማህደር ይፈጥራል። ከፋይሎቹ መካከል አይ፣ ኤን፣ ኤፍ በሚል የሚያልቁ አሉ። እነዚህ ተራ ጽሑፍ ናቸው፤ በኖትፓድ ይከፈታሉ። ድራይቨሩ የሚያውቃቸው ካርዶች ሁሉ የተዘረዘሩት እዚያ ነው። ከዲ፣ ኢ፣ ቪ ቀጥሎ ያሉትን አራት ምልክቶች ፈልጉ። ከተገኙ በዲቫይስ ማናጀር በኩል አፕዴት ድራይቨር ብላችሁ፣ ከኮምፒውተሬ ልምረጥ የሚለውን፣ ከዚያ ሃቭ ዲስክ የሚለውን ተጭናችሁ ያንን ፋይል አሳዩት። ካልተገኙ ድራይቨሩ የናንተ አይደለም፤ ሌላ ፈልጉ። ፋይሉን አርሞ ቁጥሩን መጨመር የሚመክሩ አሉ። ፋይሉ ሲነካ ፊርማው ይፈርሳል፤ 64 ቢት ዊንዶውስም አልቀበልም ይላል። እንዲቀበል ለማድረግ የደኅንነት በሩን መክፈት ያስፈልጋል። የሰው ደብዳቤና የመታወቂያ ቅጂ በሚቀመጥበት ኮምፒውተር ላይ እኔ ይህን አላደርግም።

ካርዳቸው የሌላ ኩባንያ ለሆነ አድማጮች በአጭሩ ልንገራችሁ። የኤኤምዲው ራዲዮን ኤችዲ 5000 እና 6000 ከሆነ ካታሊስት 15.7.1 የተባለውን ድራይቨር ፈልጉ፤ በጁላይ 2015 የወጣና ለዊንዶውስ 10 የሚሆን ነው። ከዚያ የቆየው ኤችዲ 2000፣ 3000 እና 4000 በ2012 ወደ ሌጋሲ ወርዷል። የሁለተኛው ትውልድ ኮር አይ3 እና አይ5 ውስጥ ላለው የኢንቴል ግራፊክስ ደግሞ ኢንቴል ራሱ ለዊንዶውስ 10 አላዘጋጀም፤ የሚመጣው በዊንዶውስ አፕዴት በኩል ነው፣ ስለዚህ እዚህ ላይ ኢንተርኔቱን መልሳችሁ ሰኩት።

ዊንዶውስ 10 ራሱ ጥቅምት 4 ቀን 2018 ዓ.ም. መደበኛ ድጋፉ አብቅቷል። ዊንዶውስ 11 ደግሞ ዳይሬክትኤክስ 12ን የሚችል ካርድ ይጠይቃል፤ 8400 ጂኤስ ይህን አይችልም። እንዲህ ላሉ ኮምፒውተሮች ሊኑክስ አለላቸው። ለኤንቪዲያ ካርዶች ኑቮ የተባለ ድራይቨር ከሊኑክሱ ጋር አብሮ ይመጣል። በ2010 ወደ ሊኑክስ ከርነል የገባ ነው፤ የጻፉት ፈቃደኛ ባለሙያዎች ካርዱ የሚሰጠውን መልስ እያጠኑ፣ ቋንቋውን ከራሱ እየተማሩ ነው። ኩባንያው አዲስ ድራይቨር ማውጣቱን ቢያቆምም እነሱ የጻፉት በሁሉም እጅ ስለሆነ ማንም አይዘጋውም። ለጌም ደካማ ነው፤ ለጽሕፈትና ለኢንተርኔት ግን ይበቃል።

ሊኑክስ ሌላም ውለታ አለው። ሳትጭኑት ከፍላሽ ላይ ይነሣል። ዊንዶውስ ላይ ስክሪኑ ከተበላሸባችሁ ሊኑክስን ከፍላሽ አስነሡና እዩ። ምስሉ ንጹሕ ከሆነ ካርዱ ጤነኛ ነው፣ ችግሩ ድራይቨር ነው ብላችሁ ፍለጋውን ቀጥሉ። እዚያም ነጠብጣብና መስመር ከታየ፣ ይልቁንም ኮምፒውተሩ ገና ሲበራ በአምራቹ ምልክት ላይ ሳይቀር ከታየ፣ ካርዱ ታምሟል፤ የትኛውም ድራይቨር አያድነውም። በ2008 ኤንቪዲያ ራሱ በአንዳንድ የላፕቶፕ ቺፖቹ ላይ በደረሰ ብልሽት ከ150 እስከ 200 ሚሊዮን ዶላር ወጪ መመደቡን አስታውቆ ነበር። ቺፑ በተደጋጋሚ ሲሞቅና ሲቀዘቅዝ የሚያያይዘው ብየዳ ይሰነጠቅ ነበር። ካርዱን በምድጃ አሙቀው ለጥቂት ሳምንት የሚያስነሡት ሰዎች አሉ። እንጀራ በሚበላበት ቤት ምድጃ ውስጥ ብየዳና ፕላስቲክ አይግባ፤ ጭሱ ለሳንባ፣ ቅሪቱ ለምግብ መርዝ ነው።

አንድ የቆየ ታሪክ ላንሣ። በ1990ዎቹ አጋማሽ ስሪዲኤፍኤክስ የተባለ የአሜሪካ ኩባንያ ነበር፤ በ1996 ቩዱ በተባለው ካርዱ የኮምፒውተር ጌምን መልክ ለወጠ። በ2000 መጨረሻ ንብረቱን ለኤንቪዲያ ሊሸጥ ተስማማና ከሰመ። ካርዶቹን የሚደግፍ ጠፋ። ካርዶቹን የሚወዱ ሰዎች ግን ያላቸውን ድራይቨር ሁሉ ሰበሰቡ፣ ለኤክስፒም ራሳቸው እያስተካከሉ አወጡ። ዛሬ ቩዱ ካርድ አቧራ አራግፎ የሚያስነሣ ሰው ድራይቨር የሚያገኘው እነዚያ ሰዎች ስላስቀመጡለት ነው። የአምራች ማኅደር ለዘላለም ክፍት አይሆንም፤ ዛሬ ያለው ገጽ ነገ ላይኖር ይችላል።

እትዬ ጋ የነበረው 342.01 ከሰዓት በኋላ ያዘ። ስክሪኑ ሁለት ጊዜ ጠፍቶ ሲመለስ ጽሑፉ በልኩ ቆመ። እትዬ የጀመሩትን የምስክር ወረቀት ከፍተው ወደ ታች ወደ ላይ አንሸራተቱት፤ አሁንም እንደገና። «ስክሪኑ ነው ያልኩት!» አሉኝ። የድራይቨሩን ፋይል በሁለት ፍላሽ ላይ ገለበጥኩት፤ አንዱ የኔ፣ አንዱ የቤቱ። ከዚያ ቁራጭ ወረቀት ላይ «8400 ጂኤስ፣ ዊንዶውስ 10፣ 64 ቢት፣ ድራይቨር 342.01» ብዬ ጻፍኩና ከኬዙ ክዳን በውስጥ በኩል በፕላስተር ለጠፍኩት። ከዓመት በኋላ ያው ኮምፒውተር እንደገና ፎርማት ተደረገ። በዚህ ጊዜ እኔን አልጠሩኝም። ፎርማት የሚያደርገውን ልጅ ክዳኑን አስከፍተው ወረቀቱን አስነበቡት፤ ፍላሹንም ከመሳቢያቸው አውጥተው ሰጡት።